የወንዝ ዳር መሬታችንን ማን ይጠብቅ? ወጪውንስ ማን ይሸፍን?

ለቁምስና የጥናት ቡድኖችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት



«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን አባባል በጎጃም ምድር ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል። ወንዙ ይዞት የሚዞረው ግንድ ከየት እንደ መጣ ብንጠይቅ ግን መልሱ ሩቅ አይሆንብንም። ያ ግንድ ከጥቂት ክረምት በፊት በአንዱ ገባር ወንዝ ዳር ሥር ሰድዶ፣ ጥላ ዘርግቶ የቆመ ዋንዛ ወይም ሾላ ነበር። ዛፉ የወደቀው ሥሩ የተተከለበት አፈር ከሥሩ ተበልቶ ስለ ሄደ ነው። ከዛፉም ጋር የአንድ ገበሬ ማሳ ጠርዝ፣ የከብት መጠጫ መንገድና የጎረቤታሞች የግጦሽ መሬት አብረው ሄደዋል።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር እንደ ተምጫ፣ ብር፣ ላህና ፈጠም ያሉ ወንዞች የሕዝቡ የሕይወት መሠረት ናቸው። ከብት ይጠጣባቸዋል፤ በበጋ ሽንኩርት፣ ድንችና በቆሎ በመስኖ ይለማባቸዋል። በክረምት ግን እነዚሁ ወንዞች ዳርቻቸውን ይበላሉ። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ጉዳይ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ወንዝ ዳር እንዴት እንደሚሸረሸርና በምን እንደሚጠበቅ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ አከራካሪው ደግሞ የጥበቃው ወጪ ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

1. ወንዝ ዳርቻውን የሚበላው እንዴት ነው?

ብዙዎቻችን የወንዝ ዳር የሚፈርሰው በሙላት ኃይል ብቻ ይመስለናል። ሙላቱ በእርግጥ ከታች በኩል የዳርቻውን እግር ይቦረቡራል፤ በተለይም ወንዙ በሚታጠፍበት የውጭ ጎን። ይሁን እንጂ ከፍተኛው ናዳ ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ሙላቱ ከጎደለ በኋላ ነው። ምክንያቱም ዳርቻው በውኃ ርሶ ከብዷል፤ ከፊት ለፊቱ ሆኖ ይደግፈው የነበረው የወንዝ ውኃ ግን ዝቅ ብሏል። በዚህ ጊዜ ከጠርዙ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ስንጥቅ ይታያል፤ ቆይቶም የተሰነጠቀው መሬት በአንድ ጊዜ ይናዳል።

ይህን የተፈጥሮ ሂደት የሰው ሥራ ያፋጥነዋል። ማሳን እስከ ወንዙ ጠርዝ ድረስ ማረስ፣ የዳር ዛፎችንና ቁጥቋጦዎችን መመንጠር፣ ከብትን በመረጠው ቦታ ሁሉ ወደ ውኃው መልቀቅ፣ አሸዋን ያለ ገደብ ማውጣት፣ የመንገድ ቦይን ውኃ ወደ አንድ ሰው ማሳ ማፍሰስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በወንዝ ጠርዝ ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚተከል ባሕር ዛፍም ገንዘብ ቢያስገኝም ከሥሩ ሣር እምብዛም ስለማይበቅል መሬቱ ራቁቱን ይቀራል።

ከሁሉም በላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር ወንዙ ብቻውን እንደማይቆም ነው። ከተራራው የወረደው ጎርፍ በማሳዎች መካከል ቦረቦር ይቆፍራል፤ ቦረቦሩ ወደ ጅረት፣ ጅረቱ ወደ ወንዝ ይገባል። የወንዙ ወለል ሲጠልቅ ደግሞ ቦረቦሩ ወደ ላይ እየቆረጠ ይመለሳል። ስለዚህ የላይኛውን ትቶ የታችኛውን ብቻ መገንባት፣ የሚያፈስ ጣራን ሳይጠግኑ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

2. በአካባቢያችን የተገኘ ዕውቀት

የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ከደምበጫ በስተሰሜን ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ የምትገኘው አንጀኒ ከአርባ ዓመት በላይ በዓለም የአፈር ጥበቃ ሊቃውንት ዘንድ ስትጠቀስ የኖረች ቦታ ናት። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያካሄዱት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1984 በዚያ የምርምር ጣቢያ ከፈተ። ተፋሰሱ 113 ሄክታር ያህል ሲሆን በዓመት በአማካይ ከ1,600 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይጥልበታል። እ.ኤ.አ. በ1986 በገበሬዎቹ ማሳ ላይ «ፋንያ ጁ» የተባለው እርከን ተሠራ። ቃሉ የስዋሂሊ ሲሆን ትርጉሙ «ወደ ላይ ወርውር» ማለት ነው፤ ገበሬው በአግድመት ቦይ ይቆፍርና አፈሩን ወደ ሽቅብ በኩል ይከምራል። ከላይ የሚወርደው አፈር ከክምሩ ጀርባ እየተጠራቀመ ከዓመታት በኋላ ተዳፋቱ ደረጃ በደረጃ ወደ ሜዳነት ይለወጣል። በአንጀኒም የሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኘው የደብረ ማዊ ተፋሰስ ነው። የባሕር ዳርና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሸለቆው ግርጌ የሚገኘው ቦረቦር የሚወስደው አፈር ከተዳፋት ማሳዎች ከሚታጠበው እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከፍ ሲል ግድግዳው ከውስጥ ርሶ እንደሚናድ ገልጸዋል።

ሦስተኛው በዚያው በብር ወንዝ ተፋሰስ የተደረገ ሙከራ ነው። ጥልቀታቸው ከሦስት ሜትር በታች የሆኑ ቦረቦሮች አናታቸው ተዳፋት ሆኖ እንዲስተካከልና በድንጋይ እንዲለበስ ተደረገ። እንዲህ የተደረገላቸው ወደ ላይ መቁረጣቸውን ሲያቆሙ፣ ያልተነኩት ግን ማሳውን እየበሉ ቀጠሉ። ለዚህ ሥራ ያስፈለገው በዋናነት አካፋ፣ ዶማ፣ ድንጋይና የሰው ጉልበት ነበር።

ከእነዚህ ሦስት ቦታዎች ለገንዘብ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ትምህርት እንቀስማለን። ቁስሉ ገና ትንሽ ሳለ በጉልበትና በአካባቢ ቁሳቁስ ይድናል፤ ጥልቅ ገደል ከሆነ በኋላ ግን የሽቦ ሣጥን፣ መኪናና መሐንዲስ ይፈልጋል። የዘገየ ሥራ ሁልጊዜ ውድ ነው።

3. ወጪውን እስከ አሁን የሸፈነው ማን ነው?

በአገራችን የአፈር ጥበቃ ሥራ በሰፊው የተጀመረው ከ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወዲህ ሲሆን፣ ዋናው መንገድ «ምግብ ለሥራ» ነበር። በደርግ ዘመን በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ስንዴና ዘይት እየተቀበለ እርከን ሠርቷል። ሆኖም ሥራው በአብዛኛው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ስለተከናወነ ገበሬው የራሱ አድርጎ አልቆጠረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኖች ፈረሱ፤ በዘመቻ የተተከሉ ዛፎችም ተቆረጡ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም የማኅበረሰብ ሥራን ከእርዳታ ጋር ቢያያይዝም ያተኮረው ምግብ በቋሚነት በሚያጥራቸው ወረዳዎች ላይ ነው። ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች በመሆኑ አብዛኛው ክፍሉ ከዚህ ውጭ ቀርቷል። በዚህም አንድ ያልታሰበ ጉዳት ይታያል፤ ጎተራው ሙሉ የሆነ አገር አፈሩ እየተራቆተ እንኳ የእርዳታ ገንዘብ አይደርሰውም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ፣ በዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድና በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራም በከፊል ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት በየዓመቱ በበጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት፣ ገበሬው ያለ ክፍያ የሚሠራበትን የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አስጀመረ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ይህንንም ሥራ በብዙ ቀበሌዎች አስተጓጉሏል። የውጭ ምንጭም አስተማማኝ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2025 አይተናል፤ የአሜሪካ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅቱን ሲዘጋ ብዙ ፕሮጀክቶች ባሉበት ቆሙ። ወንዙ ግን ግጭትም ሆነ የበጀት መቋረጥ አያግደውም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሥራውን ይሠራል። እንግዲህ ጥያቄው ሌላው እጁን ሲሰበስብ እኛ ዘንድ የሚቀረው ምንድን ነው የሚለው ነው።

4. የገንዘብ ምንጮችና አጠቃቀማቸው

ሀ/ የራስ ጉልበት። ደቦ፣ ወንፈልና ጅጌ ለአባቶቻችን እንግዳ አይደሉም። ችግሩ ይህ ጉልበት ዋጋው ተተምኖ በመዝገብ ስለማይሰፍር እንደ ምንም መቆጠሩ ነው። ለስሌት ያህል 80 አባወራና እማወራ ያሉበት አንድ ጎጥ እናስብ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በበጋው 15 ቀን ቢሠራ 1,200 የሥራ ቀን ይሆናል። የቀኑ ዋጋ 300 ብር ነው ብለን ብንይዝ ጠቅላላው 360,000 ብር ነው። ለአስጊዎቹ የወንዝ እጥፋቶች 60 የሽቦ ሣጥን ወይም ጋቢዮን ቢያስፈልግና አንዱ 4,000 ብር ነው ብንል የሚገዛው 240,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከ600,000 ብር ሥራ ውስጥ 60 በመቶውን የሸፈነው ሕዝቡ ነው። ይህን በመዝገብ ይዞ ለረጂ የሚቀርብ ማኅበር የሚነጋገረው እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ባለድርሻ ነው።

ለ/ የጥገና መዋጮ። ብዙ ፕሮጀክቶች የሚሞቱት በተመረቁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ነው፤ የግንባታ እንጂ የጥገና ገንዘብ አልተያዘላቸውምና። በዚያው ምሳሌያችን እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 19,200 ብር ይሰበሰባል። ይህም አራት የተበላሹ ሣጥኖችን በ16,000 ብር ለመተካትና በቀሪው 3,200 ብር ችግኝ ለማፍላት ይበቃል። ዕድር ለቀብር እንደሚያዋጣ ሁሉ፣ ለመሬቱም ቀድሞ ማዋጣት ይቻላል።

ሐ/ ከተጠበቀው መሬት የሚገኝ ገቢ። ከብት እንዳይገባበት የተከለለ የወንዝ ዳር በአጭር ጊዜ ሣር ያበቅላል። ዝሆኔ ሣርና ሰስባንያ መኖ ይሆናሉ፤ ቬቲቨር ሥሩ ጥልቅ በመሆኑ አፈር ይይዛል፤ ቀርቀሃም ለቤትና ለዕቃ ሥራ ይሸጣል። የንብ ቀፎ ማስቀመጥም ይቻላል። ሣሩ እየታጨደ ለአባላት በዕጣ ሲከፋፈል ወይም ሲሸጥ ጥበቃው ራሱን መቻል ይጀምራል።

መ/ የመንግሥትና የውጭ ድጋፍ። ሕዝቡ በራሱ አቅም የማይገዛውን የሽቦ ሣጥን፣ የመለኪያ መሣሪያና የባለሙያ ምክር ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከሀገረ ስብከት የማኅበራዊና ልማት ጽሕፈት ቤትና ከሌሎች ድርጅቶች መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ማኅበረሰቡ በስሙ ከመጣው ገንዘብ ምን ያህሉ በወንዙ ዳር እንደ ዋለ በአክብሮት የመጠየቅ መብት አለው።

በቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ግልጽ ያደረጉት መርህ ለዚህ ጉዳይ መመሪያ ይሆነናል። ታናሹ ማኅበረሰብ በራሱ ሊያከናውነው የሚችለውን ታላቁ አይንጠቀው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ግን ታላቁ ይርዳው። በዚህ መሠረት ቦይና ክትር የጎጡ፣ የሽቦ ሣጥን የጋራ፣ ድልድይና የመንገድ ቦይ ደግሞ የመንግሥት ድርሻ ናቸው።

5. ሸክሙ በፍትሕ ይከፋፈል

ወንዝ ዳርን መጠበቅ ከድካም በላይ ክርክር የሚያስነሣው በሸክሙ ክፍፍል ላይ ነው። ከጠርዙ ጥቂት ሜትር ለሣርና ለዛፍ ሲተው መሬቱን የሚያጣው ባለማሳ አንድ ሰው ነው፤ የሚጠቀመው ግን ጎጡ ሁሉ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በወንዙ ዳር ሰፊ ማሳ ያለው ሰውና መሬት የሌላት ባልቴት እኩል አሥራ አምስት ቀን ቢሠሩ፣ ባልቴቷ የሌላውን ሀብት በነጻ ጠበቀች ማለት ነው። በበጋ በሞተር ፓምፕ ውኃ የሚስበው ከታች ያለው ገበሬ የሚጠቀመው ከላይ ያለው ገበሬ በሠራው እርከን ነው። ብዙ ከብት ያለውም ዳርቻውን ይበልጥ ያስረግጣል።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በውስጠ ደንብ መወሰን የሚገባቸው ነጥቦች አሉ። መሬቱን ለተወው ሰው ከሣሩ የተለየ ድርሻ ይሰጠው። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና እማወራዎች በተከለለው ቦታ ሣር የማጨድና ንብ የማነብ ቅድሚያ ያግኙ። አቅመ ደካሞች ከቁፋሮ ነጻ ሆነው ችግኝ በማጠጣት ወይም በመጠበቅ ይሳተፉ። ፓምፕ ያለው ከመዋጮው ከፍ ያለውን ይክፈል። ከብት የሚጠጣበት አንድ ወይም ሁለት ቦታ ተመርጦ በድንጋይ ይነጠፍ፤ ልቅ ግጦሽ ግን ይቅር። ወንዝ የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅምና ኮሚቴው የመንደሩን ሰው ሁሉ ያለ ልዩነት ይወክል፤ ሴቶችም በአባልነት ብቻ ሳይሆን በገንዘብ ያዥነት ይመረጡ።

ሂሳቡን በተመለከተ ደግሞ ገንዘብ ያዡ፣ ሂሳብ ጸሐፊውና ተቆጣጣሪው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ገቢና ወጪው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ሰው ጉልበቱን የሚነፍገው ብዙ ጊዜ ስለ ሰነፈ ሳይሆን ስለ ተጠራጠረ ነው።

6. ከየት እንጀምር?

የሥራው ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ነው። በመጀመሪያው በጋ የላይኛው ተዳፋት እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይሠራ። በሁለተኛው የቦረቦሮቹ አናት ይስተካከል፤ በውስጣቸውም በድንጋይ፣ በእንጨትና በአፈር በተሞላ ጆንያ ክትር ይደረግ። ወንዙ ዳር ላይ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከብት ይከልከል፤ ሣርና ዛፍ ይተከል፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅምና። የሽቦ ሣጥን የሚመጣው በመጨረሻ፣ ሌላው መንገድ በማይበቃበት አስጊ እጥፋት ብቻ ነው። እርሱም መሠረቱ ከወንዙ ወለል በታች ካልተቆፈረ ውኃው ከሥሩ ገብቶ ይጥለዋልና ያለ ባለሙያ ምክር አይሠራ።

ከኅዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ አጭር ነው። የጎጡ ሽማግሌዎች፣ ወጣቶችና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አንድ ላይ ሆነው ወንዙን ከላይ እስከ ታች በእግር ቢያዩት፣ በየስንጥቁም ላይ ችካል ተክለው ርቀቱን ቢመዘግቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወንዙ ስንት ክንድ እንደ በላ በእርግጥ ይታወቃል። ይህ መዝገብ ለረጂ ከሚጻፍ ከማንኛውም ረጅም ደብዳቤ ይበልጣል።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል የአገራችን ሰው ከደመወዙና ከኪሱ ቦንድ ገዛ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከብርና ከፈጠም የሚወርደው አፈር በዓባይ በኩል ወደዚያው ሐይቅ ይገባል። ሕዝባችን ለታላቁ ግድብ ማዋጣት እንደሚችል አሳይቷል። በጓሮው ለሚያልፈው ትንሽ ወንዝም እንዲሁ ቢያዋጣ፣ የጎጃም አፈር ጤፍና በቆሎ ለማብቀል በጎጃም ይቀራል፤ ለልጆቻችን የምናወርሰውም ማሳ እንጂ ገደል አይሆንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በቁምስናችን አቅራቢያ የሚገኘው ወንዝ ባለፉት አሥር ዓመታት የት የት ቦታ ዳርቻውን በልቷል? ሽማግሌዎች ምን ያስታውሳሉ?

2/ በ1983 ዓ.ም. የተሠሩ እርከኖች በብዙ ቦታ የፈረሱት ለምን ነበር? ዛሬ ያንን ላለመድገም ምን ማድረግ ይገባናል?

3/ በመንደራችን ከወንዙ ጥበቃ ይበልጥ የሚጠቀመው ማን ነው? ይበልጥ የሚደክመውስ? ልዩነቱ በምን ይስተካከል?

4/ ቡድናችን በዚህ በጋ ያለ ማንም እርዳታ ሊጀምረው የሚችል አንድ ሥራ ይምረጥ፤ ኃላፊውንና ቀኑንም ይወስን።